ውሃ የማያስገባው አውሮፕላን

ጋራዡ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «ፉርኖ» ነው የሚለው። ሠላሳ አራት ዓመት መኪና ሲቀባ የኖረ ሰው ነው፤ ፉርኖ ገብቶ ያልተጋገረ ቀለም ቀለም አይባልም እያለ ከባለመኪናዎች ጋር ሲሟገት ስሙ በዚያው ቀረ። ታላቅ ወንድሙን ደግሞ ሰፈሩ «ካፒቴን» ይለዋል። ካፒቴን ግን አንድም ቀን አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም። የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ጡረታ ሲወጣ፣ ቴሌቪዥን ወይም ፍሪጅ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ ከሚመጣው ነጭ ፎም ትንንሽ አውሮፕላኖች እየሠራ በሪሞት ማብረር ጀመረ፤ ሰፈሩም በዚያው ሾመው።

የሚያበርበት ሜዳ ላይ ሕንፃ ሲጀመር ካፒቴን ሁለት ሳምንት ሙሉ አኮረፈ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ተነሥቶ፣ «መሬቱን ቢወስዱብኝ ውሃው አለ» አለ። ከከተማው ወጣ ብሎ የመጠጥ ውሃ የሚጠራቀምበት ግድብ ነበር። እዚያ ውሃው ላይ የሚያርፍ፣ በጎማ ፈንታ ሁለት ረጃጅም ተንሳፋፊ እግሮች ያሉት አውሮፕላን መሥራት ያዘ። ክንፉን ቆረጠ፤ ሞተሩን ገጠመ፤ ሽቦውን ዘረጋ። የቀረው ቀለሙና ውሃ እንዳያስገባ መለበጡ ብቻ ነበር። እዚህ ላይ ሳለ ነው አንድ ቀን ከሰዓት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ የወደቀው።

ከሆስፒታል ሲወጣ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ ብለውት ነበር። ምላሱም እንደዚያው። አርባ ዓመት ሲያስተምርበት ከኖረው ቋንቋ የተረፈችው አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ «ነገ»። ሲጠማው «ነገ» ይላል። ሲያመው «ነገ»። ሚስቱን ሲጠራ «ነገ»። በግራ እጁ እንዲጽፍ እስክሪብቶ ቢሰጡት የዶሮ ጭረት ጽፎ፣ የጻፈውን ራሱ አይቶ ግራ ገባው። ሐኪሟ፣ «የሚያስበው ነገር አልጠፋም። ከራሱ ወደ አፉ የሚወስደው መንገድ ነው የተዘጋው» አለቻቸው። መቼ እንደሚከፈት ግን አልነገረቻቸውም።

ፉርኖ ከሥራ ሲወጣ በየቀኑ እየሄደ ሦስት ፎቅ ደረጃ ወጥቶ አጠገቡ ይቀመጣል። እትዬ፣ የካፒቴን ሚስት፣ ሻይ ታመጣለች፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ፉርኖ በሕይወቱ የተበላሸ ነገር ሲያይ እጁ አርፎ አያውቅም፤ የተጨረመተ በር አቅንቶ፣ የዛገውን ፍቆ፣ ስቱኮ ሞልቶ፣ አዲስ አስመስሎ ይመልሳል። እዚህ ቤት ግን እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ መቀመጥ ብቻ ሆነ። በሁለተኛው ወር አንድ ቀን ዓይኑ ቁም ሣጥኑ ላይ የተቀመጠው ነጭ አውሮፕላን ላይ አረፈ።

«ጋሼ፣ ይህን ልጨርስልህ?» አለው።

ካፒቴን ቀና ብሎ ወንድሙን አየው፤ ከዚያ አውሮፕላኑን አየ። «ነገ» አለ፤ ድምፁ ግን ከወደቀ ወዲህ እንዲህ ከፍ ብሎ ተሰምቶ አያውቅም።

«ቀብተኸውስ፣ ማን ሊያበረው ነው?» አለች እትዬ ከወጥ ቤት በር ላይ።

«እሱ ነዋ።»

«በየትኛው እጁ?»

ፉርኖ በማግስቱ ከጋራዡ የቀለም ናሙናዎቹን ማውጫ ይዞ መጣና ገጽ በገጽ ገለጠለት። ካፒቴን ቢጫው ላይ ጣቱን አኖረ፤ ፉርኖ የአውሮፕላኑን ጀርባ ነካ። ካፒቴን ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቀዩ ላይ ጣቱን አኖረና ክንፉን ከሥር ዳሰሰው። ከላይ ቢጫ፣ ከታች ቀይ፤ ሰማይ ላይ ሲገለበጥ ከሩቅ እንዲለይ መሆኑ ነው። ፉርኖ ያን ቀን ደረጃውን ሲወርድ እንደ ልጅ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ነበር። አፉ ቢዘጋም እንግባባለን፣ አለ በልቡ።

ስህተቱን የሠራው በማግስቱ ነው። ግራውን ክንፍ ነቅሎ ጋራዥ ወሰደ፤ መኪና የሚቀባበትን መደብ ቀለም በቲነር አቅጥኖ መርጫው ውስጥ ጨመረና እንደለመደው በአንድ ወጥ ምት ረጨው። ሁለት ሦስት ሰከንድ ክንፉ አማረበት። ከዚያ ሲጥ ሲጥ የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማ። የክንፉ ፊት ፈንጣጣ እንደወጣበት ሰው ፊት ተበሳሳ፤ ቀዳዳዎቹ እየሰፉ ተገናኙ፤ ጠርዙ ወደ ውስጥ እየተጠቀለለ ሄደ። በጨርቅ ሊጠርገው ቢሞክር ጨርቁ ፎሙን ይዞ መጣ። ውሃ ቢያፈስበት አልመለሰውም። ከዚያ በኋላ ማድረግ የሚችለው ነገር ስላልነበረ መርጫውን እንደያዘ ቆሞ አየው። ወንድሙ ወር ሙሉ ሞርዶ ያለሰለሰው ክንፍ አንድ ሲጋራ ተጨሶ በሚያልቅበት ጊዜ ውስጥ የእጅ መዳፍ የሚያህል ጭቃ ሆነ።

የጋራዡ ኤሌክትሪሺያን መጥቶ አየና፣ «ቲነርና ፎም እኮ ሻይና ስኳር ናቸው። አታውቅም ነበር?» አለው።

«ሠላሳ አራት ዓመት የቀባሁት ብረት ነው» አለ ፉርኖ።

ሁለት ቀን ካፒቴን ቤት ሳይሄድ ቀረ። በሦስተኛው ቀን የቀለጠውን ነገር በጋዜጣ ጠቅልሎ ሄደና ወንድሙ ጭን ላይ አኖረው። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት ጋሼ» አለ። ካፒቴን ጋዜጣውን ገልጦ አየ። አሸተተው። ከዚያ በሚታዘዝለት ግማሽ አፉ ሳቀ፤ ዓይኑ እንባ እስኪሞላ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። እትዬ ከወጥ ቤት እየሮጠች መጣች፤ የሚስቅ መሆኑን ስታውቅ በሩን ተደግፋ ቆመች። ካፒቴን ሳቁ ሲበርድለት ወደ ቁም ሣጥኑ መሳቢያ ጠቆመ። ውስጡ ክንፉ የተቆረጠበት የካርቶን ልክ በሥርዓት ተጣጥፎ ተቀምጧል።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ወደ ካፒቴን ሳሎን ተዛወረ። ፉርኖ ከኤሌክትሮኒክስ መደብር ደጃፍ የተጣለ ወፍራም ፎም ለምኖ አመጣ፤ በልኩ ቆርጦ አዲስ ክንፍ አወጣ። ቲነር ያለበትን ነገር ሁሉ እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ ሲንቀው የኖረውን በውሃ የሚቀጥን የግድግዳ ቀለም ገዛ። የፎሙን ፍሬዎች ክፍተት በቀላል የግድግዳ ስቱኮ ሞላ፤ ሲደርቅ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። በላዩ የስጦታ መጠቅለያ የመሰለ ስስ ወረቀት ዘርግቶ፣ ሽታ የሌለውን ውሃማ ቫርኒሽ በለስላሳ ብሩሽ አጠጣው። ወረቀቱ ከፎሙ ጋር ቆዳና ሥጋ ሆነ። ከዚያ ቢጫው፣ ቀዩ፣ እንደገና ቫርኒሽ። ካፒቴን በግራ እጁ የክንፉን ጫፍ ይዞ ያዞርለታል። ቀለም ሲበዛ ክብደት ነውና በእያንዳንዱ እጅ ቀለም መሃል የእትዬን የወጥ ቤት ሚዛን ይዋሳሉ።

«ዛሬም በርበሬዬን በዓይን ግምት ልለካ ነው» ትላለች እትዬ። አልተከፋችም ግን። ቤቱ ውስጥ ወሬ ከተሰማ ቆይቶ ነበር።

ተንሳፋፊ እግሮቹን በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ዘፍቀው፣ ድንጋይ ጭነውባቸው አንድ ቀን ሙሉ አቆዩአቸው። በማግስቱ አድርቀው መዘኗቸው። ግራም አልጨመሩም። ፉርኖ ሚዛኑን ለእትዬም አሳያት፤ ለጎረቤትም ባሳየ ደስ ባለው።

የቀረው የአውሮፕላኑ ሆድ ነበር። አፍንጫው ሥር ጣት የሚያስገቡ ሁለት ቀዳዳዎች፣ ከክንፉ ኋላ ደግሞ አንድ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ነበረው። ፉርኖ፣ ወንድሙ ከመታመሙ በፊት ሳይጨርሰው የተወው ነገር መሰለው። ውሃ ላይ የሚያርፍ ነገር ቀዳዳ ምን ያደርግለታል? ሦስቱንም በፎም ቁራጭ ደፈነ፤ ዳሩን በሲሊኮን ሞላ፤ ወረቀት ለብጦ ቫርኒሽ ቀባ። ቀዳዳ እንደነበረ እንኳ አይታወቅም።

ካፒቴን ሲያይ ጣቱን የተደፈነው ላይ አኖረ። «ነገ» አለ።

«ነገማ አይሆንም ጋሼ። ቫርኒሹ አልጠናም። እሑድ ነው የምናስነሣው።»

«ነገ፣ ነገ» አለ ካፒቴን፤ ጎንበስ ብሎ የተደፈነውን ቀዳዳ እፍ አለው። በማይታዘዘው የአፉ ወገን ምራቁ ፈሰሰ።

«እፍ አትበለው፣ አቧራ ይይዛል። በእፍታ አይደርቅም» አለ ፉርኖ፤ አገጩን በመሐረብ ጠረገለት። ካፒቴን ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ያን ቀን መልሶ አላዞረውም።

«ትዕግሥቱ አለቀ» አለች እትዬ።

«ለማብረር ቸኩሎ ነው» አለ ፉርኖ። «እኔስ ብሆን።»

እሑድ ጠዋት ነፋስ ሳይነሣ ፉርኖ ወንድሙን አዝሎ ሦስቱን ፎቅ ወረደ፤ በጋራዡ ፒክ አፕ ግድቡ ደረሱ። የግድቡ ዘበኛ እንዲህ ያለ ነገር እንደማይፈቀድ ነገራቸው፤ ከዚያ መኪናው ውስጥ የተቀመጠውን ሰው አየና በሩን ከፈተ። «ለአንድ ሰዓት ነው አባቴ» አለው ፉርኖን። «እኔም አላየሁ።»

እትዬ የጠየቀችውን ጥያቄ ሁለቱ ወንድማማቾች በሳምንቱ መሃል ፈትተውት ነበር። ሪሞቱ ሁለት ዘንግ አለው፤ የግራው ለሞተሩ ጉልበትና ለመዞሪያው፣ የቀኙ አፍንጫውን ከፍና ዝቅ ለማድረጊያ። ካፒቴን ድንጋዩ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ ሪሞቱ ጭኑ ላይ ሆነ። ግራውን ዘንግ በግራ እጁ ያዘ። ፉርኖ በቀኙ ተጠግቶ ተቀምጦ ቀኙን ዘንግ ያዘ። ሁለት ሰው፣ ሁለት እጅ።

አውሮፕላኑ ውሃውን እየሰነጠቀ ሮጠ። «ነገ» አለ ካፒቴን ቀስ ብሎ፤ ፉርኖ ዘንጉን ቀስ አድርጎ ወደ ራሱ ሳበ። ተንሳፋፊ እግሮቹ ከውሃው ተላቀቁ። ቢጫው ጀርባ ፀሐይ መታው። «ነገ!» ሲል ፉርኖ ለቀቅ ያደርጋል፤ «ነገ…» ብሎ ቃሉን ሲጎትተው ይስባል። ድምፁን መከተል በቃ፤ ቃሉ ሌላ ምንም አላስፈለገውም። አንድ ዙር ዞሩ። ሁለተኛውን ዞሩ። ዘበኛው ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፍቶ አንጋጦ ያያል። ፉርኖ የወንድሙን ፊት አየ፤ የታመመው ወገን የትኛው እንደሆነ ለጊዜው አልለይ አለው።

በአራተኛው ዙር፣ ከግድቡ መሃል በላይ ሲደርስ፣ የሞተሩ ድምፅ ቀጥ አለ።

ካፒቴን ግራውን ዘንግ ወደ ላይ ገፋ፤ መልስ የለም። በመዞሪያው አቅንቶ፣ «ነገ… ነገ…» እያለ ለፉርኖ እየነገረው፣ አውሮፕላኑን ያለ ሞተር አወረደው። እንደ ዳክዬ ውሃው ላይ ተቀመጠ። አልተገለበጠም፤ አልተሰበረም። ከእነሱ ግን የሦስት መቶ እርምጃ ያህል ርቋል። ትንሽ ቆይተው ዘንጉን ሲገፉት ሞተሩ እርር ብሎ ተነሣ፤ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ እነሱ አዙሮ አንድ አሥር እርምጃ ያህል መጣ። ፉርኖ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ ቢገፉትም ቢተዉትም ዝም።

ነፋሱ ተነሣ። አውሮፕላኑን ወደ ወዲያኛው መግፋት ያዘ።

«ጀልባ የላችሁም?» አለ ፉርኖ።

«አለች» አለ ዘበኛው፤ ሣር ውስጥ የተደፋች ጀልባ አሳየው። ወለሏ በስብሶ በሥሯ አረም በቅሎ ወጥቷል።

ፉርኖ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ። ዘበኛው መጥቶ ፊቱ ቆመ። «አባቴ፣ አይሆንም። አምና አንድ ጎልማሳ ኳስ ላውጣ ብሎ ገባ፤ ያወጣነው በሦስተኛው ቀን ነው። እርስዎ ገብተው ቢቀሩ እኚህን ሰው ማን አዝሎ ይወስዳቸዋል?»

ፉርኖ ወንድሙን አየ። ማሰሪያውን መልሶ አሰረ።

አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሲያዩ ረፈደ። ፉርኖ፣ «ባትሪው ይሆን እንዴ? ሽቦ ተነቅሎ ይሆን?» እያለ ሲያወራ ካፒቴን ግራ እጁን አነሣና የወንድሙን አፍና አፍንጫ በመዳፉ ዘጋ። ፉርኖ መጀመሪያ ዝም እንዲል የነገረው መሰለው። እጁ ግን አልተነሣም። አየር አጠረው፤ ደረቱ ተጨነቀ፤ ፊቱ ጋለ፤ የወንድሙን አንጓ ይዞ ሊያላቅቅ ሲል ገባው። ካፒቴንም እንደገባው ከዓይኑ አየና ለቀቀው።

«ቀዳዳዎቹ» አለ ፉርኖ ትንፋሹን እየሰበሰበ። «መተንፈሻው ነበሩ።»

ካፒቴን ራሱን ነቀነቀ። ለሞተሩ ጉልበት የሚያከፋፍለው ትንሽ ክፍል ሲሠራ ይግላል፤ ከፊት ገብቶ ከኋላ የሚወጣ ነፋስ ነው የሚያቀዘቅዘው፤ ነፋሱን ሲያጣ ተቃጠለ። ፉርኖ ሞተር አቅራቢያ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። ራዲያተሩ የተደፈነ መኪና ምን እንደሚሆን ለማንም ማስረዳት ይችል ነበር።

«ነገ እናብረው የምትለኝ መስሎኝ ነው እኮ ጋሼ» አለ። «እፍ ስትልም… እኔ…» ካፒቴን አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። እጁን የወንድሙ ጉልበት ላይ አኑሮ ውሃውን ማየት ቀጠለ።

በማግስቱ ፉርኖ ሥራ ከመግባቱ በፊት ብቻውን ሄደ። አውሮፕላኑ ከወዲያኛው ዳር ቋጥኝና እሾህ ብቻ ካለበት ገደል ሥር ቀጥ ብሎ ተንሳፏል። በገደሉ በኩል መውረጃ የለም። በሦስተኛው ቀንም አለ። በአራተኛውም። ነፋሱ ሲመለስ ወደ መሃል ይመጣል፤ ማታ መልሶ ይሄዳል። አንድም ቀን ዘመም አላለም። ሥራው ቢበላሽ ኖሮ በሰዓት ውስጥ ሰጥሞ፣ አልቅሰው ወደ ቤታቸው ይገቡ ነበር። ውሃ አንዲት ጠብታ ስላላስገባ ግን በየቀኑ ሄዶ ማየት ግድ ሆነ። ፉርኖ ረጅም እንጨት አምጥቶ ሞከረ፤ ገመድ ወረወረ፤ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ዘንድ ሄዶ ጀልባ ለመነ። በመስኮቱ ያለችው ጸሐፊ ማመልከቻ ጻፍ አለችው፤ ጻፈ። ከሰዓት ወደ ካፒቴን ቤት ሲገባ ወንድሙ አንገቱን ቀና አድርጎ በዓይኑ ይጠይቀዋል።

«አለ» ይለዋል ፉርኖ።

በስምንተኛው ቀን ከባድ ዝናብ ጣለ። ግድቡ ሞልቶ በትርፍ ውሃ መፍሰሻው ገነፈለ። ፉርኖ ሲደርስ ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው። «ጠዋት ላይ ወረደ» አለው። «ጠርዙ ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ሄደ። እኔ ከላይ ሆኜ አየሁት እንጂ ምንም ማድረግ አልቻልኩም።»

ፉርኖ ቦዩን ተከትሎ እስኪመሽ ሄደ። የውሃ ላስቲክ፣ አንድ እግር ጫማ፣ ብዙ ነጭ የፎም ስብርባሪ አገኘ፤ አንዱም ቀለም የነካው አልነበረም። ለካፒቴን እውነቱን ነገረው። ካፒቴን ሰምቶ ዓይኑን ጨፈነ።

በወሩ ሌላ ከተማ የምትኖረው የካፒቴን ልጅ መጣች። አባቴን ሦስት ፎቅ ማውጣትና ማውረድ እስከ መቼ፣ የእኔ ቤት መሬት ላይ ነው፣ ደጁ ሰፊ ነው አለች። እትዬ ልብስ ማጣጠፍ ጀመረች። ልጅቷ ሁሉንም አስባበታለች፤ የተናገረችው ሁሉ ልክ ነው። «አጎቴ፣ አንተስ ምን ትላለህ?» ስትለው ፉርኖ፣ «እኔ ምን እላለሁ» አለ። የሚሄዱበት ቀን መኪናው ድረስ ወንድሙን አዝሎ አወረደ። ጀርባው ላይ ካለፈው ጊዜ ይልቅ ቀሎ ተሰማው።

አሁን በየሳምንቱ ሐሙስ በምሳ ሰዓት ልጅቷ ትደውልና ስልኩን የአባቷ ጆሮ ላይ ታኖረዋለች። ሰሞኑን ካፒቴን ያችን አንድ ቃልም ትቷታል። ፉርኖ ከኮምፕሬሰሩ ጩኸት ራቅ ብሎ ቆሞ የጋራዡን ወሬ ይነግረዋል፤ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደተጣላ፣ አንድ ሾፌር አዲስ የተቀባ መኪናውን ከበሩ ሳይወጣ ግድግዳ ላይ እንዳስታከከው። ከወዲያ በኩል ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፤ ረዘም፣ አጠር።

ባለፈው ሐሙስ ወሬውን ሳይጨርስ ልጅቷ ስልኩን ወሰደችና፣ «አንቀላፍቷል አጎቴ» አለችው።

«እንግዲያው አትቀስቅሽው» አለ ፉርኖ። «ስልኩን ግን መልሰሽ አጠገቡ አድርጊው። አትዝጊው።»

ምሳ ሰዓቱ አልቆ ሠራተኞቹ ወደ ውስጥ ሲገቡ፣ ፉርኖ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ግድግዳው ሥር ቆሞ ነበር።